ወይብን የዋጠው ማን ነው?

ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ በሶፍ ኡመር ዋሻ ገብቶ ከዓይን ይሰወራል። ያየ ሰው ምድር ተሰንጥቃ ዋጠችው ቢል አይፈረድበትም፤ መንገዱን የጠረበው ግን ውሃው ራሱ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋዩንም ስንጥቁን እየተከተለ ያሟሟል። እንዲህ ያለ ደካማ ነገር ያን የሚያህል አዳራሽ እንዴት ይከፍታል? በዘመን ብዛት ነው፤ ጠራቢው ውሃ መሆኑንም የዋሻው ቅርጽ ይመሰክራል። 15 ኪሎ ሜትር ያህሉ መተላለፊያ እንደ መረብ የተጠላለፈ ነው፤ ዓምዶቹም ተሰብረው የቀሩ ሳይሆኑ ውሃ ያለሰለሳቸው ናቸው።

ከመሬት በታች ያለፈ ውሃ ተጣርቶ ይወጣል የሚሉም አሉ። አሸዋ ውስጥ ቢሆን እውነት ነበር፤ ወንዝ እንደልቡ የሚፈስበት ሰፊ ዋሻ ግን አያጣራም። ስለዚህ ላይኛው ተፋሰስ ላይ የተጣለ ቆሻሻ በታችኛው በር መውጣቱ አይቀርም፤ ዋሻውን በር ላይ ብቻ ቆሞ መጠበቅም አይበቃም።