ኤንኤምሲኤልአይ፦ የዋይፋይ ተራ አስከባሪ

ላፕቶፕ አንዴ የገባበትን ኔትወርክ አይረሳም። የቤት ዋይፋይ፣ የመሥሪያ ቤት፣ የስልክ ሆትስፖት፣ ባለፈው ዓመት አንድ ማኪያቶ የተጠጣበት ካፌ ሳይቀር ውስጡ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክት ግን ከእነዚህ መካከል የትኛው ለምን እንደተመረጠ አትናገርም። ቤት ውስጥ ያልተገደበ ኢንተርኔት እያለ ላፕቶፑ ስልካችን ላይ ተጣብቆ እንደዋለ ብዙ ጊዜ የምናውቀው፣ ፓኬጅዎ ሊያልቅ ነው የሚለው መልእክት ሲደርሰን ነው።

እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ባሉ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ ይህን ምርጫ የሚያደርገው ኔትወርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው። ሥራው ታክሲ ማዞሪያ ላይ ከሚቆም ተራ አስከባሪ ጋር ይመሳሰላል፦ ማን ቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል እንጂ መሪ አይጨብጥም። መሪውን የሚጨብጠው ብዙውን ጊዜ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት ነው፤ ከራውተሩ ጋር በፓስወርድ የሚተዋወቀውና የምስጢር ቁልፍ የሚለዋወጠው እሱ ነው። ኤንኤምሲኤልአይ ደግሞ ተራ አስከባሪውን ከተርሚናል የምናዝበት ትዕዛዝ ነው።

መጀመሪያ በአካባቢው ምን እንዳለ ማየት ነው። ተርሚናል ከፍቶ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የለመደ ሰው ከኤንኤምሲኤልአይ በኋላ ያለውን የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጽፎ ያልፈዋል። የሚመጣው ሰንጠረዥ ስክሪኑ ጥግ ካለችው ምልክት በብዙ ይበልጣል። አሁን የተገናኘንበት መስመር ፊቱ ላይ ኮከብ አለው። ከስሙ ጎን ቻናሉ፣ ፍጥነቱ፣ ከ0 እስከ 100 የተለካ የሲግናል ጥንካሬው፣ የጥበቃው ዓይነት ይታያል። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተደግሞ ቢመጣ አያስደንቅም፦ ቻናሉ ከ1 እስከ 13 የሆነው 2.4 ጊጋኸርዝ፣ 36ና ከዚያ በላይ የሆነው በአብዛኛው 5 ጊጋኸርዝ ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ቅርብ ላለ ይፈጥናል። እኔ ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህችን የቻናል ዓምድ ነው፤ የአፓርታማው ሰው ሁሉ ቻናል 6 ላይ ሰፍሮ ሲገኝ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኔትወርክ ቢታይ ተርሚናሉ ፊደሉ ካለው አሳምሮ ያነበዋል። ግን የኔትወርክ ስም ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም፤ አንዱ የኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከ10 ፊደል በላይ የሆነ የአማርኛ ስም አይገባም።

አዲስ ኔትወርክ ውስጥ ለመግባት ብዙዎች ፓስወርዱን እዚያው ትዕዛዙ መስመር ላይ ይጽፉታል። ይሠራል፤ ግን ፓስወርዱ በተርሚናሉ የታሪክ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ከኤንኤምሲኤልአይ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝና «አስክ» ቢጨመር ፕሮግራሙ ራሱ ይጠይቃል፣ የምንጽፈውም በታሪኩ ውስጥ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ተራው። እያንዳንዱ የተመዘገበ ኔትወርክ ከ999 ሲቀነስ እስከ 999 ሲደመር የሚደርስ የቅድሚያ ቁጥር አለው፤ ካልነካነው 0 ነው። ላፕቶፑ ሲከፈት የሚያውቃቸው ብዙ ኔትወርኮች በዙሪያው ካሉ፣ ትልቅ ቁጥር ያለው ይቀድማል። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ በቅርቡ ጥቅም ላይ የዋለው ያልፋል። የሲግናል ጥንካሬ እዚህ ላይ ድምፅ የለውም! የሆትስፖቱ ምስጢርም ይኸው ነው፦ ቀን መንገድ ላይ የተጠቀምነው ስልክ ማታ ቤት ስንገባ በቅርብ ጊዜነት ያሸንፋል። «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብለን ለቤቱ 10፣ ለስልኩ 10 ሲቀነስ ብንሰጥ ነገሩ ያበቃል።

ያበቃል ስል ግን ግማሹን ነው። ኔትወርክ ማኔጀር ቅድሚያውን የሚያየው መስመር ሳይኖረው ሲመርጥ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ተገናኝተን እየሠራን ቤት ብንደርስ፣ የቤቱ ቁጥር ቢበልጥም ራሱ አይዘልም፤ የተጀመረ ሥራ አያቋርጥም። «ኮኔክሽን አፕ» ብሎ የቤቱን ስም መጥራት የኛ ፈንታ ነው። ይህ ባሕርይ የሚያናድደው ሰው አለ፤ በቪዲዮ ስብሰባ መሐል መስመር ከሚቀያየርብኝ ግን እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ሌላ ወጥመድ አለ። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተን ኢንተርኔት ስናጋራ፣ ላፕቶፑ እንደ ኬብል ኔትወርክ ይቆጥረዋል። ለኬብል በልማድ የሚሰጠው የመንገድ ዋጋ 100፣ ለዋይፋይ 600 ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ስለዚህ የቤቱ ዋይፋይ ተገናኝቶ እንኳ ዳታው በስልኩ ይወጣል። የስልኩን መስመር የመንገድ ዋጋ 700 ማድረግ ነገሩን ይገለብጠዋል። በዚያው እጅ «ሚተርድ» የሚለውን ምርጫ «የስ» ማለት ይጠቅማል፤ ይህን የሚያከብሩ ፕሮግራሞች ዝመና ከማውረድ ይታቀባሉ።

የተመዘገቡትን ሁሉ ለማየት «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን» ይበቃል። ፋይሎቹ የተቀመጡት የሲስተሙ ባለቤት ብቻ በሚከፍተው ማኅደር ነው፤ ውስጣቸው ያለው ፓስወርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተጻፈ የሚነበብ ነውና ላፕቶፕ ሲሸጥ ማሰብ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ውስጥ በተለይ የሚፈለጉት ፓስወርድ የሌላቸው የካፌና የኤርፖርት ኔትወርኮች ናቸው። ላፕቶፑ ክፍት ኔትወርክን የሚለየው በስሙ ነው፤ በዚያው ስም ክፍት ሆትስፖት የከፈተ ማንም ሰው ላፕቶፑን ሳንነካው ሊስበው ይችላል። የማንመለስበትን በ«ኮኔክሽን ዲሊት» ማጥፋት፣ የምንመለስበትን ደግሞ «አውቶኮኔክት» የሚለውን «ኖ» አድርጎ በስሙ ስንጠራው ብቻ እንዲገናኝ ማድረግ ነው።