ወፍ አለ፦ የታኅሣሥ ማለዳ በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር

አዲስ አበቤ የፈለገውን ሲያጣ «ወፍ የለም» ይላል። በታኅሣሥ ማለዳ ቀበና ወንዝ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ግን ይህን ለማለት አፉ አይደፍርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ውርጩ ጣት ያደነዝዛል፤ ታች የሚወርደው ውኃ ጥቁርና ጎደሎ ነው። ከላስቲኩና ከቡትቶው መካከል ብቅ ባለ ድንጋይ ላይ አንዲት ቀጭን ወፍ ቆማለች። ጀርባዋ አመድማ፣ ሆዷ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው። ረጅሙን ጭራዋን ለአፍታ አታሳርፈውም፤ ላይ ታች፣ ላይ ታች ታወዛውዘዋለች።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግሬይ ዋግቴይል ይሏታል፤ እኛ ጭራ ወዝዋዥ ብንላት ያምርባታል። ክብደቷ 18 ግራም ገደማ ነው፤ ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። እንቁላል ጥላ ጫጩት የምታሳድገው በአውሮፓና በእስያ ጅረቶች ዳር ነው። እዚያ ብርዱ ሲጠና ነፍሳቱ ይጠፋሉ፤ የምትበላው ታጣለች፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ ትበራለች። የእርሷ ክረምት በረዶ ነው፣ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የእርሷ ክረምት ሲገባ የእኛ በጋ ይገባል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ወንዞቻችን ይጎድላሉ፤ ድንጋዩና ጭቃው ይገለጣል፤ እንደ እርሷ ላለች ወፍ ገበታው ተዘረጋ ማለት ነው።

የመስቀልን ወፍ ሁላችንም እናውቃታለን፤ ብልጭ ብላ በመጥፋቷ ተረት ሆናለች። እነዚህ የበጋ እንግዶች ግን ወራት ሙሉ ከደጃችን ሳይርቁ ይከርማሉ፤ የሚያስተውላቸው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ከ860 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነርሱ ጋር ለመተዋወቅ ለሚሻ ሰው የከተማ ወንዝ ዳር ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ የሚያስፈልገው ማልዶ መነሣት፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ያለው ልብስ፣ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ከተገኘም 8 ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ነው። ከሁሉም በፊት ግን ቆሞ ማዳመጥ ነው፤ ወፍ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች።

ጉዞው ከላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ቢጀመር ይመረጣል። ከከተማዋ ወንዞች ብዙዎቹ የሚነሡት ከዚያ ነው። እዚህ መጀመሪያ የሚሰማው የጋጋኖ ጩኸት ነው፤ ጣራ ለጣራ እየተቀባበለ የሚሄድ ሻካራ ድምፅ አለው። ከጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለች ሥጋ፣ በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት፣ ወደ ታች የታጠፈ ረጅም ምንቃር አለው፤ በዚያ ምንቃር ሣሩን እየወጋ ትል ይለቅማል። ይህ ወፍ በተፈጥሮ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ከሌላ አገር የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች እርሱን ለማየት ብለው ውቅያኖስ ያቋርጣሉ፤ እኛን ግን በየማለዳው ከእንቅልፋችን ይቀሰቅሰናል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራም ከዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም።

ወደ መሐል ከተማ ሲወረድ ሰማዩን ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ይይዙታል። ከቄራ አካባቢ የማይጠፋው፣ ፊቱ ቀላ ያለ አነስተኛው ጥንብ አንሳ ለዓይናችን ተራ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ገብቷል፤ መርዝ ዋነኛ ጠላቱ ነው። የጣልነውን አጥንትና ሥጋ ያለ ደመወዝ የሚያነሣ ባለውለታችን ነው።

ወፍ ስለ ወንዙ ትመሰክራለች፤ ምስክርነቷን በጥንቃቄ ማንበብ ግን ያስፈልጋል። ጭራ ወዝዋዥ አለች ማለት ውኃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አየር ባነሰው ቆሻሻ ውኃ ውስጥም የሚራቡ የትንኝ መሰል ነፍሳት እጮች አሉ፤ እርሷ የምትፈልገው ነፍሳቱን ነው። ዓሣ አጥማጁ ወፍ ግን ሌላ ነው፤ ከቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ዓሣውን በዓይኑ ካላየ አይወረወርም። እርሱ ዓሣ በሚያጠምድበት ውኃው ጠርቷል፣ ዓሣም አለ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዞች ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ልመና አለኝ፦ ዳርቻው ሁሉ ድንጋይና ሲሚንቶ አይሁን። ወፍ የምትቆምበት አለት፣ የምትቆፍረው ጭቃ፣ የምትሸሸግበት ቁጥቋጦ ይቅርላት።

ወንዞቹ በደቡብ ሁለቱን የአቃቂ ወንዞች ይዘው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች አስፈላጊ ተብለው ከታወቁ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሐይቁን እምቦጭ ቢያስጨንቀውም፣ በበጋ ምንቃራቸው እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬዎች ከሰሜን ይመጡበታል፤ በዙሪያው ባለው የእህል ማሳ ላይም አንገተ ረጃጅሞቹ ግራጫ ክሬኖች ቃርሚያ ይለቅማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር በተለያዩ አገሮች የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። ወፎቹ ድንበር ስለማያውቁ፣ አንዱ አገር ብቻውን ቆጥሮ መብዛት መቀነሳቸውን ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ማለዳ ቀበና ድልድይ አጠገብ ጋቢ የለበሱ ጥበቃ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ። ጭራ ወዝዋዧን ጠቁሜ ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ታዲያ ይቺ ሁልጊዜ እዚህ ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። በየዓመቱ ባሕርና በረሃ አቋርጣ እንደምትመጣ ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ውኃውን አዩ።

በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ገና ከሩቅ እጃቸውን አነሡ፤ «እንደምን አደርክ» ከማለታቸው በፊት፣ «አለች!» አሉኝ፤ «ዛሬስ ሁለት ናቸው።»