የመስተዋት ቤት ሙቀት ሌሊት እንዳያመልጥ ስለ መጠበቅ

በደጋ አገር አትክልት የሚያለማ ገበሬ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉትን ወራት ይፈራል። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱን ግን ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ይወርድና የቲማቲሙንና የቃሪያውን ችግኝ አጥቁሮት ያድራል። ስለዚህ አንዳንዱ ለብቻው፣ አንዳንዱም በማኅበር ሆኖ፣ ችግኙን በመስተዋት ወይም በላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ ለማሳደግ ያስባል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ግን ሙቀት በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ማወቅ ይገባዋል።

መስተዋትና ላስቲክ

የፀሐይ ብርሃን በመስተዋት አልፎ መሬቱንና ተክሉን ያሞቃል። የሞቀው መሬት ደግሞ በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር መልሶ ይሰጣል። መስተዋት ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ይህን ጨረር አያሳልፍም። ተራ ላስቲክ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ከዚህ የተነሣ ሰማይ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ እሳት በማይነድበት የላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው ብርድ ከውጭው ብርድ ሊብስ ይችላል። ይህን ያላወቀ ገበሬ ችግኜ ተሸፍኗል ብሎ ተማምኖ ይተኛና ጠዋት ደርቆ ያገኘዋል።

መስተዋትም ቢሆን ሙቀቱን ሁሉ አያስቀርም። ሙቀቱ መስተዋቱን ራሱን ያሞቅና በዚያው ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቀረውም በስንጥቅና በበር ያመልጣል።

ድርብ መሸፈኛ

በኔዘርላንድ አትክልተኞች ሰፋፊ የመስተዋት ቤቶችን በጋዝ እያሞቁ ክረምቱን ያሳልፋሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የነዳጅ ዋጋ በጣም በናረ ጊዜ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ መሸፈኛ መፈለግ በብዙ አገር በረታ። ከዚያም ቀደም ሲል፣ በ1964፣ በአሜሪካ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሮበርትስ ሁለት ላስቲክ ደርቦ በመካከሉ አየር በመንፋት የሚሸፈን ቤት ሠርቶ ነበር።

ጋቢ ከነጠላ ይልቅ የሚያሞቀው በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ድርብ መስተዋትም እንዲሁ ነው፤ በእርሱ በኩል የሚወጣው ሙቀት በነጠላ መስተዋት ከሚወጣው ግማሽ ያህል ነው። ነገር ግን ብርሃንን ይቀንሳል። አንድ መስተዋት ከመቶው ብርሃን 90 ያህሉን ቢያሳልፍ፣ ሁለተኛው ከዚህ ከ90 ላይ እንደገና ቀንሶ 81 ያህል ብቻ ያስገባል። ብርሃን ሲጎድል ምርት ይጎድላል። ፋብሪካዎች ብርሃን እንዳይመለስ ልዩ ቅብ የተቀባ መስተዋት የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ ነዳጅ እየገዛ ቤቱን ለሚያሞቅ ሰው ድርብ መስተዋት ሊያዋጣ ይችላል። እሳት ለማያነድ የደጋ ገበሬ ግን የሚቆጥብለት ነዳጅ የለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው የሌሊት መጋረጃ ነው። መጋረጃ ቀን ስለሚሰበሰብ ብርሃኑን ብዙ አይከለክልም።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ. ስንጥቁን፣ የበሩን ዳርና የላስቲኩን ቀዳዳ መድፈን። ይህ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

2ኛ. ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መሬቱ ገና ሙቀት ሳለው፣ በሩንና መስኮቱን መዝጋትና ከችግኙ በላይ መጋረጃ መዘርጋት። መጋረጃው ተክሉን እንዳይነካ በእንጨት ይደገፍ።

3ኛ. ጠዋት መጋረጃውን በአንድ ጊዜ አለመግፈፍ። ከላይ የተከማቸው ቀዝቃዛ አየር በችግኙ ላይ እንዳይወርድ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈት።

4ኛ. ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ቤቱን ማናፈስ። እርጥበት ተዘግቶ ከዋለ ሻጋታ ያመጣል።

5ኛ. በበጋ አቧራ የለበሰውን መሸፈኛ ማጠብ። የቆሸሸ መስተዋት ያለ ጥቅም ብርሃን ይከለክላል።

6ኛ. ላስቲክ የሚገዛ ሰው ፀሐይ የማያበላሸውንና የሙቀት ጨረርን የሚይዘውን ዓይነት ጠይቆ መግዛት።

የልማት ሠራተኛው ገበሬውን አዲስ መሸፈኛ ግዛ ከማለቱ በፊት፣ አንድ የሙቀት መለኪያ ከቤቱ ውስጥ ሌላውንም ከውጭ ሰቅሎ ለጥቂት ሌሊቶች ጎሕ ሲቀድ ከገበሬው ጋር ያንብብ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከሌለ ቤቱ ሙቀት አልያዘም ማለት ነው፤ ስንጥቁ ተደፍኖ መጋረጃው ከተዘረጋ በኋላ እንደገና ይለካ። ገንዘብ የሚወጣው ይህ ከታየ በኋላ ይሁን።