ኳስን በጆሮ፦ የስፖርት ራዲዮ መንገድ እስከ ፎገራ ሜዳ

ይፋግ፦ በጥቅምትና በኅዳር የሩዝ ዘለላ መክበድ ሲጀምር የፎገራ ማሳ ቀኑን ሙሉ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ወፍ በመንጋ ይወርዳልና። ጠባቂው በአንድ እጁ ወንጭፍ ይይዛል፤ በሌላው ትንሽ ራዲዮ፣ አለበለዚያም የጆሮ ማዳመጫ የተሰካበት ስልክ አይጠፋም። ከይፋግ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ማሳዎች የሚሰማው ታዲያ ዜናና ዘፈን ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ክለቦች አሰላለፍ የሚተነተንበት፣ አሠልጣኝ የሚወቀስበት፣ ተጫዋች የሚወደስበት የስፖርት ወግም ነው። የአርሰናልን ተቀያሪ ተጫዋቾች በስም የሚጠራው ወጣት የአጎራባች ቀበሌዎችን ግጥሚያ ውጤት የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ከሰው አፍ ነው። ነገሩ ወደዚህ እንዴት ደረሰ?

የስፖርት ራዲዮ ሲጀመር ክርክር አልነበረም፤ ለማያይ ሰው የማሳየት ሥራ ነበር። የእንግሊዙ ቢቢሲ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ የቀጥታ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በጥር 1927 ሲያስተላልፍ አድማጩ ኳሱ የት እንዳለ እንዳይጠፋው ሜዳውን በቁጥር ከፋፍሎ በመጽሔት አሳትሞለት ነበር። ተራኪው ኳሱን ሲከተል ሌላ ሰው ቁጥሩን ይጠራል፤ አድማጩም ሥዕሉን ዘርግቶ በጣቱ ይከተላል።

በሀገራችን ይህ ሥራ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለመረዳት ወደ ጥር 1954 ዓ.ም. መመለስ ይበቃል። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ አዘጋጅታ፣ በፍጻሜው ግብጽን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥታ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ እንዲሁም መንግሥቱ ወርቁ ከግብ አስቆጣሪዎቹ መካከል ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ግን በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ስታዲየም ላልገባው ሕዝብ ጨዋታው ማለት በራዲዮ የሚሰማ ወይም በማግሥቱ በጋዜጣ የሚነበብ ቃል ነበር። ሰሎሞን ተሰማን የመሳሰሉት የኢትዮጵያ ራዲዮ ቀደምት የስፖርት ጋዜጠኞች የሠሩት በዚህ ዘመን ነው። ለ“ኮርና”፣ ለ“ሪጎሬ”፣ ለ“ቅጣት ምት” የአድማጩን ጆሮ ያለማመዱት እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ትውልድ ቀጥሎ የመጣው ደምሴ ዳምጤ ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ 1 ለ 1 ተለያይተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ፤ ኢትዮጵያም 5 ለ 4 አሸነፈች። ዕድሜው የደረሰ ሰው ያንን ጨዋታ ሲያነሣ ከግቡ በፊት የደምሴን ድምፅ ያነሣል። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። ፍጹም ቅጣት ምት በዓይን ሲታይ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው። በራዲዮ ሲሰማ ግን ተጫዋቹ ኳሱን ሲያስቀምጥ፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ተራኪው ዝም ሲል፣ ያ ዝምታ ራሱ ጨዋታ ይኾናል። አድማጭ የሚያውቀው ተራኪው የነገረውን ብቻ ነውና እስትንፋሱን በእርሱ እጅ ያስቀምጣል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚያን ጊዜ አልተወለደም። ኾኖም ባደገበት ቤት የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ እንደነበር ያስታውሳል። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋልና የቀረችው ጉልበት ለእሑዱ ጨዋታ ትቆጠብ ነበር፤ ለሙዚቃ ራዲዮ የከፈተ ልጅ ይቆጡታል።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1987፣ ከሴካፋው ፍጻሜ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኒውዮርክ ደብልዩ ፋን የተባለ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ስለ ስፖርት ብቻ ማውራት ጀምሮ ነበር። ጨዋታውን ቴሌቪዥን ካሳየው ለራዲዮ የሚቀረው ስለ ጨዋታው መነጋገር ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳረሰ። ወደ እኛ የደረሰው ከኤፍ ኤም ጋር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ግድም ደግሞ እንደ ሸገር 102.1 ያሉ የግል ጣቢያዎች ሥራ ጀመሩ። ከዚያም በኋላ እንደ ብስራት 101.1 ባሉ ጣቢያዎች እነ መንሱር አብዱልቀኒ የስፖርት ወግን ሰፊ አድማጭ ያለው ዝግጅት አደረጉት። ጨዋታውን ተመልካቹ በዲሽ አይቶታል፤ ራዲዮ የሚከፍተው ያየውን እንደገና ለመስማት፣ ለመስማማት ወይም ለመናደድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አድማጭ ልብ የማይለው የገንዘብ ጉዳይ አለ። ከእነዚህ ዝግጅቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በጣቢያው ቅጥር ሠራተኞች አይደለም። ተባባሪ አዘጋጅ የሚባለው ባለሙያ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛና ወጪውን ከማስታወቂያ ይሸፍናል። ማስታወቂያ ደግሞ አድማጭ የበዛበትን ይከተላል፤ አድማጭም የአውሮፓን ኳስ ይከተላል። የአልኮል ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በሕግ ከታገደ ወዲህ የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ድምፅ በስፖርት ሰዓት ጎልቶ መሰማቱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከትንተናው በኋላ ወዲያው የውርርድ ጥሪ ሲከተል ወጣቱ አድማጭ ትንተናውን እንደ ምክር ሊወስደው ይችላል። ይህ መታየት ያለበት ነው፤ የቡድን አሰላለፍ ማወቅ ውጤት ማወቅ አይደለምና።

ሌላው ጉዳይ ሞገድ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን እይታ በቀጥታ ስለሚጓዝ ከኮረብታ ጀርባ ያለ መንደር ይቀርበታል። የመካከለኛ ሞገድ ግን የመሬትን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ ከላይኛው የአየር ንብርብር እየተንጸባረቀ ሩቅ ይደርሳል። አንዳንድ ጣቢያ ከመሸ በኋላ የሚጠራው ለዚህ ነው። በዚህም የተነሣ የአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ወግ በደመቀባቸው ዓመታት የገጠሩ አድማጭ የቆየው ከኢትዮጵያ ራዲዮና ከአማራ ራዲዮ ጋር ነበር። እንደ ባሕር ዳር 96.9 ያሉ የክልሉ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሲመጡ ነው ወጉ ወደ ሜዳችን የቀረበው። ስልክ ላይ ኤፍ ኤም ለመክፈት ማዳመጫውን መሰካት የሚያስፈልገውም ሽቦው አንቴና ኾኖ ስለሚያገለግል ነው፤ ማሳ ላይ ድምፁ ሲቆራረጥ ሽቦውን ዘርጋ ማድረግ ይረዳል።

ቅርበቱ ምን እንደሚያመጣ በ2013 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ስለተካሄደ ጎንደር አንድም ጨዋታ አላስተናገደችም። ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው፤ ዲኤስቲቪ ያለው ቤት ግን በከተማ እንጂ በቀበሌ አይገኝም። ከጎንደርና ከባሕር ዳር መካከል ያለችው ይፋግ ዐፄዎቹንም የጣና ሞገዶቹንም የሚደግፍ ሰው አላት። በአንድ ማሳ ድንበር ላይ ኾነው ስለ ሁለቱ የሚከራከሩ ጎረቤታሞች ስለ ሊቨርፑል ከሚከራከሩት ይልቅ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ የሚያውቁት ልጅ፣ የረገጡት ሜዳ አለበትና።

ለእንዲህ ያለው ክርክር የሚኾን የአየር ሰዓት ዛሬም ጠባብ ነው። የወረዳ ውድድር ዘጋቢ፣ ትራንስፖርትና አበል ይጠይቃል፤ የለንደን ዜና ግን በስልክ ይገኛል። ክረምቱ አልፎ ርብና ጉማራ ወደ ቦያቸው ሲመለሱ የቀበሌ ልጆች ሩዝ ባልተዘራበት ደረቅ መሬት ላይ ግብ ይተክላሉ። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ፣ የእንግሊዝ ጨዋታዎች ሲጀመሩ፣ የእነርሱ ጨዋታ ገና አላለቀም፤ ከዳር የቆመው ተመልካችም አንዱን ጆሮውን ለስልኩ፣ ሌላውን ለሜዳው ሰጥቶ ያያል።