ቁልቁለቱን ሁሉም ይወርዳል፤ ዳገቱስ? ከአባይ በረሃ እስከ ደሴ–ኮምቦልቻ በብስክሌት

ዛሬ ስለ ብስክሌት እናውራ። 🚴

«ቱር ዳፍሪክ» የሚባል የቡድን ጉዞ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ይደርሳል። ርቀቱ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። በአገራችን ባለፈባቸው ዓመታት ተሳታፊዎቹ ከማይረሷቸው ቀናት አንዱ የአባይ በረሃ ነበር። ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከአፋፉ ላይ ገደሉ እርከን በእርከን ሲወርድ፣ ከታች ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ ሲታይ ማን አይደነቅም? ከዚያ ወደ 20 ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዙ ድልድዩ ጋ ይወርዱ ነበር፤ ቀጥሎ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገት መውጣት ነበር።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይጨምራል። ስትወርዱ ነፋሱ ላባችሁን ስለሚያደርቀው ውኃ እየጎደላችሁ መሆኑ አይታወቃችሁም። ስትወጡ ግን ፍጥነት የለም፣ ነፋስ የለም፤ ጡንቻ ደግሞ እንደ ምድጃ ሙቀት ያመርታል። ሰው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

በዚያ ጉዞ መኪና ሳይሳፈሩ እያንዳንዷን ርቀት በፔዳል የጨረሱ ሰዎች ልዩ ክብር አላቸው። ጥሩ ነው! ግን ይሄ ክብር የታመመን ሰው «ትንሽ ልታገል» ያሰኘዋል። መኪናው የተዘጋጀው ግን ለዚሁ ነው፤ ሲያም መሳፈር ሽንፈት አይደለም።

ወደ እኛው ሰፈር እንምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ጦሳን ከኋላ ትቶ ወደ ቦርከና ሸለቆ መውረድ እውነትም ልብ ያረካል። ግን አባይን በትንሹ ማለት ነው፦ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 4 ዲግሪ ይሞቃል፣ መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው። ከቆላ ለመጣ እንግዳ ደሴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ።

ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትወጡ እነዚህን ያዙ፦

✅ ሄልሜት ያለ ድርድር። መንገዱ የአይሱዙና የተሳቢ መንገድ ነው፤ ተራርቃችሁ፣ አንድ በአንድ ውረዱ።

✅ ፍሬን ያለማቋረጥ አትያዙ፤ ቸርኬው ግሎ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። ከኩርባው በፊት ቀንሱ እንጂ ኩርባው ውስጥ አይደለም።

✅ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ያዙ። ውኃ ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ለረጅም ሰዓት በብዛት ንጹሕ ውኃ ብቻ መጋት የደምን ጨው ያሳጣል። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጡ።

✅ ዳገት ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

✅ አስም ያለበት መንፊያውን፣ ስኳር ያለበት ከረሜላውን በኪሱ ይያዝ። ቢያንስ አንድ ጓደኛም ይወቅለት።

✅ አንድ ጠንካራ ጋላቢ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። ቡድኑ የሚሄደው በደካማው ፍጥነት ነው።

⚠️ የደረት ሕመም ወይም መጨናነቅ፣ ራስን መሳት ካለ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ወደ ሆስፒታል።

⚠️ በሙቀት ውስጥ የሚወላገድ፣ የሚቀባጥር ሰው ካያችሁ «ይተኛና ይሻለዋል» አትበሉ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ መላ ሰውነቱን በውኃ እያራሳችሁ አራግቡለት፤ አምቡላንስ እስኪደርስ ማቀዝቀዙን አታቁሙ። ከነቃ በስተቀር በአፉ ምንም አትስጡ።

⚠️ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፣ በአስቸኳይ ሆስፒታል። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አትጎትቱት፣ አታስቀምጡት።

ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ሻይ ስትጠጡ እርስ በርስ ተያዩ፦ ማን ገርጥቷል? ማን ዝም ብሏል? ለእሱ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጫኑለት፣ እናንተም አትቀልዱበት። ነገ ደግሞ አብራችሁ ትወጣላችሁ።

አብሯችሁ ለሚጋልብ ጓደኛ ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።