የኃይሉ መርጊያ ሲንተሳይዘርና ድምፅ የሚቀርፀው ማጣሪያ

አዲስ አበባ፦ የልደታ ክፍለ ከተማ መጠሪያ በሆነችው የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 1 ቀን በዓሉ ሲከበር በቅጥሩ ውስጥ የቆመ ሰው ከበሮውንም ጸናጽሉንም አንድ ላይ ይሰማል። መስኮቱን ዘግቶ በቤቱ ለተቀመጠ የአካባቢው ነዋሪ ግን የሚደርሰው በአመዛኙ የከበሮው ምት ነው። የጸናጽሉን ቀጭን ድምፅ ግንቡና መስታወቱ ያስቀሩታል።

በአናሎግ ሲንተሳይዘር ላይ ፊልተር ወይም ማጣሪያ የሚባለው ክፍልም የሚያከናውነው ይህንኑ ተግባር ነው። ወፍራሙን ንዝረት ያሳልፋል፤ ቀጭኑን ይይዛል። ልዩነቱ ግንቡ ባለበት የሚቆም ሲሆን ፊልተሩ ግን በሙዚቀኛው ጣት የሚታዘዝ መሆኑ ነው።

ኪቦርድ የሠርግና የአዳራሽ ሙዚቃን ከተቆጣጠረ ወዲህ በአገራችን “ድምፁ ደረቀ” የሚል ወቀሳ ተደጋግሞ ይሰማል። ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጣጥረው በኤሌክትሪክ መሣሪያነቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የኃይሉ መርጊያ ሥራ ችግሩን ሌላ ቦታ መፈለግ እንደሚገባ ያመለክታል።

በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ከተጓዘ በኋላ እዚያው መቅረቱ ይታወሳል። እ.ኤ.አ በ1985 ባወጣው “ሸሞንሟናዬ” በተሰኘው ካሴት አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን ብቻውን ሆኖ ተጫውቷል። ካሴቱ እ.ኤ.አ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዳዲስ አድማጮችን አፍርቷል። በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ሹፌርነት ይተዳደር የነበረው ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሷል። ይህ ሥራ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ የወጣ ቢሆንም ደረቅ ነው ብሎ የሚከሰው አድማጭ ማግኘት ያዳግታል።

ሲንተሳይዘር በመጀመሪያ የሚያመነጨው ድምፅ ጥሬ ነው። በሴኮንድ 220 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ቅርጹ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል የኤሌክትሪክ ሞገድ ብንወስድ ከ220 ኸርዝ ሌላ 440፣ 660፣ 880 እያሉ ወደ ላይ የሚቀጥሉ አጃቢ ንዝረቶች አሉት። ጆሮ እነዚህን ለየብቻ አይሰማቸውም፤ በአንድነት የድምፁ ቀለም አድርጎ ይቀበላቸዋል እንጂ።

ለዚህ ከፊደል ገበታችን የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። አንድ ሰው የድምፁን ከፍታ ሳይለውጥ “ሁ” ብሎ ጀምሮ ወደ “ሃ” ቢሸጋገር የጉሮሮው ንዝረት ያው ነው፤ የተለወጠው የአፉ ቅርጽ ነው። በካዕቡ የታፈኑት ቀጫጭን ንዝረቶች በራብዑ ይለቀቃሉ። ፊልተሩን ከዝግ ወደ ክፍት ማዞርም ለጆሮ የሚሰጠው ስሜት ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል።

የትኛው ንዝረት እንደሚያልፍ የሚወስነው ካት ኦፍ የሚባለው ማዞሪያ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ በ1969 የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ያገኘበት ፊልተር ትራንዚስተሮችና ካፓሲተሮች በመሰላል መልክ የተደረደሩበት ሲሆን አራት እርከኖች አሉት። በመሆኑም ከመቁረጫው ነጥብ በላይ የንዝረቱ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሞገዱ መጠን በግምት ወደ 16ኛ እጁ ይወርዳል። መቁረጫው 500 ኸርዝ ላይ ቢደረግ 220ው ብዙም ሳይነካ ያልፋል፤ 880ው በእጅጉ ይዳከማል፤ ከ4000 በላይ ያሉት የሉም ማለት ይቻላል።

ሬዞናንስ የተባለው ሁለተኛው ማዞሪያ ከፊልተሩ ከወጣው ድምፅ ከፊሉን መልሶ ወደ ፊልተሩ ያስገባል። በዚህ ጊዜ በመቁረጫው ነጥብ አካባቢ ያሉት ንዝረቶች ጎልተው ይወጣሉ፤ ድምፁም በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። ከልክ በላይ ሲዞር ፊልተሩ ራሱ ማፏጨት ይጀምራል። በሙግ ፊልተር ላይ ሬዞናንሱ ሲጨምር የታችኛው ወፍራም ድምፅ የሚሳሳ በመሆኑ ቤዝ የሚጫወት ሰው ይህን ማዞሪያ በቁጥብነት ቢጠቀምበት ይመረጣል።

ለእኛ ሙዚቃ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ኤንቨሎፕ የሚባለው ክፍል ነው። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ፊልተሩን በተወሰነ ፍጥነት ከፍቶ ይዘጋዋል። ክራር ሲመታ መጀመሪያ የሚሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ወዲያው ይለዝባል፤ ቀጫጭኖቹ ንዝረቶች ቀድመው ይሞታሉና። ኤንቨሎፑ ፈጥኖ ከፍቶ ቶሎ እንዲዘጋ ሲደረግ ወደዚህ ይጠጋል። ቀስ ብሎ እንዲከፍት ሲደረግ ደግሞ የማሲንቆ ደጋን ጅማቱን ቀስ በቀስ ሲይዘው ያለውን ይመስላል። በነገራችን ላይ በገና ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። ከአሥሩ ጅማቶቹ ሥር የሚገባው እንዚራ የተባለው ቆዳ ንዝረትን አያጣራም፤ ይጨምራል።

እ.ኤ.አ በ1983 የወጣውና በዓለም ገበያ እጅግ የተሸጠው ያማሃ ዲኤክስ 7 ፊልተር የሚባል ነገር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ በመጡት ብዙ ኪቦርዶችም ድምፁ በፋብሪካ ተቀርጾ፣ በቁጥር ተለይቶ ይቀርባል። ተጫዋቹ ቁጥሩን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ቀለሙ አይለወጥም። ድርቀቱ የመጣው ከዚህ ይመስላል።

ጉዳዩ ለኪነት ቡድኖች የመሣሪያ ግዥ ዝርዝር መግለጫ የሚያዘጋጁ የሥራ ኃላፊዎችንም ይመለከታል። በአንዳንድ ኪቦርዶች የካት ኦፍና የሬዞናንስ ማዞሪያዎች በመሣሪያው ፊት ላይ ይገኛሉ፤ በሌሎቹ በማውጫ ውስጥ ተደብቀዋል፤ መድረክ ላይ የቆመ ተጫዋች ደግሞ ማውጫ የሚያገላብጥበት ጊዜ የለውም። ርክክብ ሲደረግ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማዞሪያውን ቀስ ብሎ ማዞር ይቻላል። ድምፁ ከ“ሁ” ወደ “ሃ” ሳይቆራረጥ ከሄደ መሣሪያው ለተጫዋቹ ጣት ይታዘዛል፤ እንደ ደረጃ እየዘለለ ከሄደ ግን ሌላ ሞዴል ማየት ይበጃል።