ባዶው ሳህን የማን ነው?

ስለ ፖላንዶች ግብዣ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቮድካ ነው። ቮድካውማ ቀዝቅዞ በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል፣ ጤና ይመኙበታል፣ ይጨልጡታል፤ አለቀ! እነሱን ማወቅ የሚሻ ከደፉ ይጀምር። በር ሲከፈትላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ፤ ደፍ ላይ የተጨባበጠ ይጣላል ይባላል። ገብታችሁ ጨብጡ። ጫማ ይወልቃል፤ ምሳ በሾርባ ይጀመራል። ይህን ማንም ያውቀዋል።

እኔን የማረከኝ ቪጊሊያ ነው፤ ዲሴምበር 24፣ የገናቸው ዋዜማ። ልጆች መስኮት ላይ ተለጥፈው የመጀመሪያዋን ኮከብ ይጠባበቃሉ፤ እሷ ሳትታይ አይበላም። ክርስቶስ የተወለደበት በረት መታሰቢያ እንዲሆን ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ድርቆሽ ይነሰነሳል። ኦፕዋቴክ የሚሉትን ስስ ቂጣ ተቋርሰው ይመራረቃሉ። ከዚያ 12 ዓይነት ምግብ ይቀርባል፤ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ካርፕ የሚባል ዓሣ፣ ጎመንና እንጉዳይ የታጨቀበት ፒዬሮጊ። ሥጋ የለም። የእኛም የገና ጾም ያኔ አይፈታምና ለጿሚ እንግዳ ደግ ማዕድ ነው፤ ቅቤውን ግን ጠይቁ።

ዋርሶ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ ቤት በተጋበዝኩ ጊዜ ሳህን፣ ሹካና ብርጭቆ የተሰናዳለት ባዶ ወንበር አየሁና ዘው ብዬ ተቀመጥኩበት። የተቀመጠው ለካ ሳይጠራ ለሚመጣ መንገደኛ ኖሯል። ጓደኛዬ ሳቀ። እናቱ ግን ምንም ሳይሉ ተነሡ፤ ሌላ ሳህን፣ ሌላ ሹካ፣ ሌላ ብርጭቆ አምጥተው ጎኔ ደረደሩ። ከእኔ በኋላስ ሰው ቢመጣ! በአንዳንድ ቤት ያ ቦታ በሞት የተለዩትንም ያስታውሳል። ጓደኛዬ ቤት በአዲሱ ባዶ ቦታ በኩል ወሬው ራሱ ዝግ ይል ነበር። እንግዲህ ይህንን ሳህን እንደ ገና ዛፍ ጌጥ ቆጥረው ፎቶ አንሥተው የሚያልፉ ጎብኚዎች ያናድዱኛል። ጌጥ ቢሆን ሹካ ምን ይሠራለታል?

ከ12ቱ ከእያንዳንዱ ቅመሱ፤ አንዱን መዝለል ነውር ነው። ደግሞ አንድ ቃል ጠንቅቁ። "ጄንኩዬ" ትርጉሙ አመሰግናለሁ ነው፤ ምግብ ሲጨመርላችሁ ከተናገራችሁት ግን "በቃኝ" ማለት ይሆናል፤ ሳህኑ ዓይናችሁ እያየ ይመለሳል። እኔ ሁለት ጊዜ ፒዬሮጊ አምልጦኛል። እናንተ "ፖፕሮሼ"፣ ማለትም "እባክዎ ይስጡኝ" በሉ።